በሰባት ቁጥርና በስምንት ቁጥር መሐል

እናቴ ትሙት፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። እውነትነቱ ከመብዛቱ የተነሳ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «በል እንግዲህ፣ ጀመረው» እየተባልኩ ተቸግሬያለሁ። ለዚህ ነው በጽሑፍ ይሁን ያልኩት፤ ወረቀት ቢያንስ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አይስቅብኝም።

ሶፋ ሠሪው የሚኖረው ወንዝ ዳር ነበር። ወንዝ ስል ደግሞ መርከብ የሚሄድበት እንዳይመስላችሁ። በበጋ ድመት እግሯን ሳታርስ የምትሻገረው ክር ነው፤ ዶሮዎች መሐሉ ላይ ቆመው ይጭራሉ። ክረምት ሲገባ ግን ያ ክር ጨርቁን ይጥላል። ከላይ ያገኘውን ሁሉ፣ ግንዱን፣ የመኪና ጎማውን፣ አንድ ጊዜም እንደተቆለፈ ቁም ሳጥን ይዞ ወርዷል። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ውስጡ ያሉት ልብሶች ደረቅ ነበሩ። ያየ ሰው አለ።

ነገሩ የተበላሸው የምርጫ ክልሎቹን ወሰን ሊያሰምሩ የመጡት ሰዎች በበጋ በመምጣታቸው ነው። ድልድዩ ላይ ቆመው፣ ብርቱካን ልጠው እየበሉ፣ ያንን ክር ቁልቁል አዩት። «ከወንዙ ወዲህ ሰባት ቁጥር፣ ከወንዙ ወዲያ ስምንት ቁጥር» ብለው ጻፉና ሄዱ። ወንዙ የት እንደሚገኝ አልጻፉም። ወንዝ የት ይሄዳል ብለው ይሆናል።

ይሄኛው ይሄዳል። የሶፋ ሠሪው ቤት ያለው ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ነው፤ ጉብታውን ሁለት አሮጌ የውሃ መውረጃዎች አቅፈውታል። አንዱ በፊት ለፊት በር በኩል፣ በድንጋይ ላይ ይወርዳል። ሌላው በጓሮ በኩል፣ ለስላሳ አፈር ላይ ያልፋል። ወንዙ እንዳሻው አንዱን ክረምት በዚህ፣ ሌላውን ክረምት በዚያ ይሄዳል። በጓሮ ሲሄድ ቤቱ ከከተማው ጋር ይቀርና ሰባት ቁጥር ይሆናል። በፊት ለፊት ሲሄድ ቤቱ ከወንዙ ወዲያ ይውልና ስምንት ቁጥር ይሆናል። ጉብታው ላይ ያሉት ጥቂት ቤተሰቦች ከቤታቸው ሳይወጡ፣ አልጋቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ ከአንዱ ምርጫ ክልል ወደ ሌላው ሲመላለሱ ኖረዋል።

ቤቱ የአማቱ ነው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ሁለቱ ብሎኬቱን በትከሻቸው ተሸክመው የሠሩት ነው። ሶፋ ሠሪው ያገባው ልጃቸውን እንጂ ቤቱን አልነበረም፤ ግን መዶሻውን፣ የምስማር ጣሳውንና አንድ ጥቅል ስፖንጁን ይዞ እዚያው ገባ። ሚስቱ ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ልትጠብቅ ስትወጣ፣ እሱ የፊት ለፊቱን ክፍል ሱቅም ወርክሾፕም አድርጎ ሲቀጠቅጥ ይውላል። አማቱ መስኮቱ ስር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይተርባሉ። እሱንም «ሶፋው» ነው የሚሉት። ሰው ከመጣ «የልጄ ባል ቁጭ ብሎ አያውቅም፤ ሌላውን ሲያስቀምጥ ይውላል» ይሉና እሱን ያስቁታል።

በየክረምቱ ታዲያ ወንዙ ከጉብታው ይገምጣል። መጀመሪያ ሽንት ቤቱ ሄደ። ከዚያ የልብስ ማስጫው። አሁን የፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቷል፤ ሶፋ ሠሪው በተረፈ ስፖንጅ ደፍኖታል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሰው ቤት በእሱ እጅ እንዳይፈርስ። ለዚህ የድንጋይ ግንብ ያስፈልጋል። ግንብ ደግሞ ተመራጭ ይፈልጋል።

የሁለቱን ምርጫ ክልሎች ታሪክ ልንገራችሁ፤ አይረዝምም። በመጀመሪያው ምርጫ ጉብታው ሰባት ቁጥር ነበር። የሰባት ቁጥር ዕጩ መምህሩ ነበሩ፤ ያልተጨረሰ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው፣ ምስማር ወግቷቸው እንኳ ሳይነሱ፣ ግንቡን ማሉለት። አሸነፉ። ከዚያ ዘነበ፤ ወንዙ ወደ ፊት ለፊት ዞረ። ሶፋ ሠሪው ቢሯቸው ድረስ ሲሄድ መምህሩ ከወንበራቸው ተነስተው ነው የተቀበሉት። እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ልባቸው ከእሱ ጋር እንደሆነ፣ እሱ ግን ስምንት ቁጥር ስለሆነ በሰው ምርጫ ክልል መግባት ነውር እንደሚሆንባቸው አስረዱት። እውነትም ያዘኑ ይመስሉ ነበር። እሱ ራሱ አጽናንቷቸው ወጣ።

በሚቀጥለው ምርጫ ስምንት ቁጥር ሆኖ የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት መረጠ። ይሄኛው እንኳ ቃሉን የያዘ ነው፤ በመኪና ድንጋይ አስመጥቶ ከበሩ ፊት አራገፈ። ግንበኞቹ ሊመጡ ሲሉ ዘነበ። ወንዙ ወደ ጓሮ ሄደ። ድንጋዩ የስምንት ቁጥር ንብረት ሆኖ በሰባት ቁጥር መሬት ላይ ቀረ። የሰባት ቁጥሩ ተመራጭ የሌላ ምርጫ ክልል ንብረት አልነካም አለ፤ የስምንት ቁጥሩ ደግሞ የሌላ ምርጫ ክልል መሬት አልረግጥም አለ። ድንጋዩ አሁንም እዚያው ነው። ጎረቤቱ ኤሌክትሪሺያን፣ ሰፈሩ «ሾርት» የሚለው፣ አንዷን ድንጋይ ለበር ማስደገፊያ ወስዶ ከሁለቱም ወገን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል።

ሦስተኛው ምርጫ ሲደርስ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ በፊት ለፊትም በጓሮም ሄደ። የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ሱሪውን ሰብስቦ መጣ። አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እየተመለከተ ብዙ ቆየ። በመጨረሻም ጉብታው ለጊዜው የትም እንዳልሆነ፣ እስኪጣራ ድረስ ማንም ድምፅ እንደማይሰጥ ተናገረ። አማቱ ከመስኮታቸው ጠሩት።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ቤት ሲፈርስ እንግዲህ ማንን ነው የምሰድበው?»

ጸሐፊው ጥያቄውን በትህትና መዝግቦ መልስ እንደሚሰጣቸው ነግሯቸው ሄደ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልሱ ግን አልመጣም።

ከዚያ ወንዙ ተጠቃልሎ ፊት ለፊት ገባ፣ ጉብታውም ስምንት ቁጥር ሆኖ ቆየ። የስምንት ቁጥሩ አዲስ ተመራጭ በምክር ቤት እጁን ያወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ እሱም እንቅልፉን ጨርሶ ሲንጠራራ። ድምፁ ተቆጥሮለታል፤ በዚያች እጅ አንድ ሕግ አልፏል።

እንዲህ እያለ ዘንድሮ ደረሰ። በሰባት ቁጥር በኩል አንድ ኮንትራክተር ተወዳደረ። ፖስተሩ ላይ አፉን ከፍቶ ስለሚስቅ ሰፈሩ «ጥርሱ» ብሎታል። ይሄ ሰው እንደ ሌሎቹ አልነበረም። የገበያውን ግንብ የሠራው እሱ ነው፤ ግንቡ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። ማሸነፉንም የሚጠራጠር አልነበረም፤ ተቃዋሚው ራሱ ሰው ሁሉ ፊት እንኳን ደስ አለህ ብሎታል።

ጥርሱ ቅስቀሳውን ሲያደርግ ጉብታው ፊት ለፊት መጣ። መጣ ስል ግን ከወንዙ ማዶ ነው የቆመው። በስምንት ቁጥር መሬት ላይ መቀስቀስ ለእሱ አይፈቀድም። ወንዙ በጋ ስለሆነ ክር ነበር፤ አንድ እርምጃ ቢራመድ ይሻገረዋል። እሱ ግን የተቦረሸ ጫማውን ዳር ላይ አድርጎ፣ ሦስት ሰው ለሚሰማው ነገር ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆመ። ሶፋ ሠሪውና ሾርት በዚህ በኩል ቆሙ። አማቱ ወንበራቸውን በር ላይ አስወጥተው ተቀመጡ።

«ክረምት ሳይገባ ግንቡ ይሠራል» አለ ጥርሱ በማጉያው። «ከወንዙ ወዲህ ላለ ቤት ሁሉ። ወዲያ ላለው ግን ሕጉ አይፈቅድልኝም፣ እማማ።»

«ሕጉን ተወው፤ ውሃው ራሱ ጫማህን አይነካውም» አሉት አማቱ። «ና ተሻገር፣ ማንም አያይህም።»

ጥርሱ ባሉት ጥርሶች ሁሉ ሳቀ፤ አልተሻገረም። ሲሄድ ሶፋ ሠሪው ከኋላው ብዙ አየው። ሰውየው አልዋሸም። ግንብ መሥራት ይችላል፣ ይሠራል፤ ይህን ሁሉ ዓመት የመጡት ዕጩዎች ያልነበራቸው ነገር እሱ አለው። እና በሁለቱ መሐል ያለችው ነገር አንዲት ክር ውሃ ብቻ ናት።

ሐሳቡን ያመጣው ሾርት ነው። እሱ የሰው ቤት መስመር ተበላሸ ሲባል፣ ገመዱን ከዚህ ነቅሎ እዚያ መሰካት የለመደ ሰው ነው። ወንዙንም እንደዚያው ነቅለን እንሰካዋለን አለ። ከጉብታው በላይ፣ ሁለቱ መውረጃዎች በሚለያዩበት ቦታ፣ ፊት ለፊቱን ደፍኖ ወደ ጓሮው ትንሽ ቦይ መቅደድ ነው። ጉብታው ሰባት ቁጥር ይሆናል። ጥርሱ ያሸንፋል። ግንቡ ክረምት ሳይገባ ይቆማል። አለቀ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ኧረ የጓሮው አፈር ለስላሳ ነው፣ ክረምት ሲመጣስ?» ይል ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ግን እናንተና እኔ ወንዝ ስናይ ውሃ ነው የምናየው። ጉብታው ላይ ያሉት ሰዎች ያን ሁሉ ምርጫ ሲጠብቁ ኖረው፣ ወንዙን እንደ ውሃ ማየት ትተዋል። ለእነሱ ወንዙ መሥመር ነው። መሥመር ደግሞ ማን ሰምጦበት ያውቃል?

ሶፋ ሠሪው በተረፈው የሶፋ ከፋይ ጨርቅ ከረጢት ሰፋ። ጆንያ ጠፍቶ አይደለም፤ ከፋዩ ጠንካራ ነው፣ በድርብ ክር ቢሰፋ አይተረተርም። ቀይ አበባ ያለበት ነበር። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ክፍሉ ሙሉ አበባ ያለበት ከረጢት አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሲነግራት መርፌ አንስታ አገዘችው። አሸዋ ሞሉ። ጎረቤቶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ። እሑድ ከሰዓት ወንዙ፣ ያ ስንቱን ተመራጭ ያስመለጠ ወንዝ፣ እንደ ተጠራ በግ ዞር ብሎ በጓሮ በኩል ሄደ። አጨበጨቡ። አማቱ ወደ ጓሮው በር ወንበራቸውን አስዙረው አዩትና የምርጫ ክልል ስንት ጊዜ ቢለዋወጥብን ግራ ገብቶን አያውቅም፣ ወንበር ማዞር ብቻ ሰለቸን አሉ።

ጸሐፊው ለምዝገባ መጣ። የፊት ለፊቱ መውረጃ ደርቋል። በጓሮ በኩል ክር ይሄዳል። አበባ ያለባቸውን ከረጢቶች አየ፤ ሶፋ ሠሪውን አየ፤ እንደገና ከረጢቶቹን አየ። ሕጉ ወንዙ የት እንዳለ እንጂ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አይጠይቅም አለ፤ ሰባት ቁጥር ብሎ ካርዳቸውን ሰጣቸው። ሾርት ካርዷን ሳማት።

በምርጫው ቀን ጠዋት ጉብታው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረደ። ሶፋ ሠሪው አማቱን ደግፎ ተሰለፈ፤ አስመራጮቹ አሮጊት ይቅደሙ ቢሉም እሳቸው «ለግንብ ነው የተሰለፍኩት፣ በሰልፍ ይምጣ» ብለው ተራቸውን ጠበቁ። ማታ ውጤቱ ተነገረ። ጥርሱ አሸንፏል፤ ያሸነፈውም በጣም ሰፊ በሆነ ልዩነት ስለነበር የጉብታው ሰው ባይመርጠውም፣ ጉብታው ባይኖርም ጭምር ያሸንፍ ነበር። ይህን ሶፋ ሠሪው ልብ ብሏል። ለማንም አልተናገረም።

ጥርሱ አልካደም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ቃለ መሐላ ነበረ። ከቃለ መሐላው በኋላ በጀት። ከበጀት በኋላ ጥናት። ሶፋ ሠሪው ቢሮው ሲመላለስ የሚቀመጠው ራሱ የሠራው ሶፋ ላይ ነው፤ ለየትኛው ተመራጭ እንደሠራው ረስቶታል፣ የቀኙ እግር ግን እንደሚንቋቋ ስለሚያውቅ ወደ ግራ ይቀመጣል። የቢሮው ጸሐፊም በስሙ ሰላም ትለው ጀመር። አንድ ቀን ቀያሾች ወደ ጉብታው መጡ፤ በቀይ ቀለም ግንቡ የት እንደሚያርፍ ምልክት አደረጉ። የሶፋ ሠሪው ቤት የኋላ ግድግዳ ላይ ደመቅ ያለ ቀይ መስቀል ተሳለ። ሶፋ ሠሪው በየቀኑ ከሥራ እረፍት ሲወስድ ወደ ጓሮ ወጥቶ ያንን መስቀል ያያል። ከዚያ በፊት የመንግሥት ቀለም ቤቱን ነክቶት አያውቅም።

ክረምቱ ዘንድሮ ቀደም ብሎ መጣ። መጀመሪያ ካፊያ ነበር። የጓሮው ክር ወፈር አለ፤ ቀለሙም ቡናማ ሆነ። ከቀዩ መስቀል ማዶ ያለው አፈር እንደ ራሰ ብስኩት እየተፈረፈረ ወደ ውሃው መውደቅ ጀመረ። ሶፋ ሠሪው አካፋውን አንስቶ ወደ ከረጢቶቹ ወጣ። ወንዙን ወደ ድንጋያማው ፊት ለፊት መመለስ ገና ይቻል ነበር፤ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ቢሠራ ይበቃል።

ግን አካፋውን አሳርፎ መጀመሪያ ቢሮ ሄደ። እዚያ ያገኘው የጥርሱን ረዳት ነው፤ ጨዋ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ውሃ ያቀረበለት ወጣት። ረዳቱ በደንብ ሰማው። ከዚያ በእርጋታ አስረዳው፦ ወንዙ ወደ ፊት ለፊት ከተመለሰ ጉብታው ስምንት ቁጥር ይሆናል። ስምንት ቁጥር ከሆነ ግንቡ ከዕቅድ ይወጣል። ድንጋዩ ታዝዟል፤ ግንበኞቹ በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ይገባሉ።

«እኔ እንዲህ ያድርጉ አልልዎትም» አለው ረዳቱ። «ምርጫው የእርስዎ ነው።»

ሶፋ ሠሪው ስንት ዓመት መርጦ፣ ምርጫው የእሱ ነው ያለው ሰው ይሄ የመጀመሪያው ነበር።

ዝናቡ ላይ እየተራመደ ወደ ቤት ተመለሰ። ከረጢቶቹ አጠገብ አካፋው እንደቆመ ነው። ሾርት ከቤቱ ወጣና ምን አሉህ አለው። ነገረው። አንዱ ጎረቤት እንመልሰው አለ፤ ሌላው ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀን ለአንድ ሳምንት ልንለቀው ነው ወይ አለ። ከሁሉም ይልቅ ለውሃው የቀረበው የሶፋ ሠሪው ቤት ስለሆነ በመጨረሻ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ፤ አንተ ያልከው ይሁን አሉት።

ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ከሥራ አልተመለሰችም። አማቱ በጓሮው መስኮት በኩል ውሃውን እያዩ ነበር። ፊታቸው ቆሞ፣ ከጫማው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉንም ነገራቸው። ከረጢቱን ቢያነሳው ግንቡ ይቀራል። ባያነሳው ግንቡ ይመጣል፤ ውሃው ግን ሊቀድም ይችላል። እርስዎ ይወስኑ፣ እማማ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው አላቸው።

አማቱ ዓይናቸውን ከውሃው ነቀሉ። ከዚያ ዞረው አዩት።

«እኔን አትጠይቀኝ» አሉት። «ቤቱ ያንተ ነው።»

ከሠርጉ ጀምሮ ያቺን ቃል ሲጠብቅ ኖሯል። እንዲህ ባለ ቀን ትመጣለች ብሎ ግን አላሰበም። ወደ ውጭ ወጣ፤ ከበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ቤቱ የእሱ ከሆነ ቤቱ ግንብ ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ክረምት ቢተርፍ እንኳ ያለ ግንብ ከሚቀጥለው አይተርፍም። ደግሞም ድንጋዩ ታዝዟል። ድንጋዩ የሚመጣበትን መንገድ አየት አደረገ። የመኪና ድምፅ የሰማ መስሎት ነበር፤ ነጎድጓድ ነው። አካፋውን ከዝናቡ አስገብቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ውሃው የመጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰፈሩ ላይ ዝናብ አልነበረም፤ እንዲያውም ፀሐይ ወጥታ ሰው ልብሱን አስጥቷል። የዘነበው ከላይ ነው። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ሾርት ሲነግረኝ አምስት ባቡር አብሮ ሲመጣ ነው የሚመስለው አለ፣ ባቡር አይቶ ባያውቅም። ሶፋ ሠሪው መዶሻውን ጥሎ አማቱን በጀርባው አዘለ። ሚስቱ፣ ያን ቀን ደግሞ አሞኛል ብላ ቀርታ ነበር፣ የበሩን ቁልፍ አንስታ ተከተለችው። ለምን ቁልፉን እንዳነሳች እስካሁን አታውቅም። ስትወጣ በሩንም ቆልፋለች።

በፊት ለፊቱ መውረጃ፣ በደረቁ ድንጋይ ላይ ተሻግረው ሰባት ቁጥር ቆሙ። ውሃው የተቀደደለትን ቦይ ወዶታል። በጓሮ በኩል ሙሉውን ይዞ መጣ፤ ለስላሳውን አፈር ከሥሩ እያነሳ እንደ ልብስ ጠቀለለው። መጀመሪያ የወደቀው ቀይ መስቀል ያለበት ግድግዳ ነው። ከዚያ ጣራው ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ነው የምለው፣ እንደደከመው ሰው በቀስታ ነበር። ከፊት ለፊቱ ክፍል ለደንበኛ የተዘጋጀ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ወጥቶ፣ ትራሱ እንኳ ሳይዛነፍ፣ ወደ ስምንት ቁጥር ተንሳፍፎ ሄደ። ድመት ተቀምጣበት ነበር። የጎረቤቶቹ ቤቶች ተንቀጠቀጡ፤ አልወደቁም። ውሃው የፈለገውን አግኝቶ ነበር። ሶፋ ሠሪው አማቱን አላወረደም። የሚያወርድበት ቦታ ጠፍቶት ይሁን እንጃ፣ ውሃው ዝቅ እስኪል ድረስ እንዳዘላቸው ቆመ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሰጣቸው፤ የመረጡበት ክፍል ነበር። ሰሌዳው ላይ ወደ ኮሮጆው የሚያመለክት የኖራ ቀስት አልተጠረገም። ጥቂት ቆይቶ ጸሐፊው መጣ። ሰውየው በእውነት አፍሮ ነበር፣ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን የወንዙ መሐል ሆኗል አለ። የወንዙ መሐል ወሰን ነው፤ ወሰን ላይ ደግሞ ነዋሪ አይመዘገብም። ስለዚህ ሰባት ቁጥር የነበረው ካርዳቸው አይሠራም፣ የስምንት ቁጥርም ሊሰጣቸው አይችልም፤ ሌላ ቤት እስኪያገኙ ድረስ ተመራጭ የላቸውም። ሶፋ ሠሪው ሦስቱን ካርዶች አውጥቶ ሰጠው። ጸሐፊው ሲወጣ በሩን ሳያንኳኳ በመግባቱ ይቅርታ ጠየቀ።

ግንበኞቹ የመጡት እንደተባለው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ረዳቱ አልዋሸም። ውሃው ዝቅ ባለ ጊዜ እየሠሩ፣ ከፍ ባለ ጊዜ እየቆሙ ግንቡን አቆሙት። ግንብ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። የሚጀምረው ከሾርት ቤት ጥግ ነው፣ ምክንያቱም የቆመው የመጀመሪያው ቤት የእሱ ነው፤ ቤት ለሌለበት ቦታ ግንብ አይሠራም። ሾርት ለሶፋ ሠሪው ስለ ግንቡ ማውራት ስለማይችል ሲያገኘው ስለ አየሩ ያወራል። ሶፋ ሠሪውም ስለ አየሩ ይመልስለታል።

ምርቃቱ ሲሆን ጥርሱ ራሱ መጣ፤ አሁን ይፈቀድለታል። ሪባን ተወጠረ። ወንበር ተደረደረ፤ ሶፋ ሠሪው አማቱን ደግፎ አምጥቶ ከፊት አስቀመጣቸው፣ ካልሄድኩ ብለው እሳቸው ናቸው ያስቸገሩት። ጥርሱ ንግግሩን ጨርሶ ሪባኑን ቆረጠና፣ ሰው እየጨበጠ ሲሄድ እሳቸው ጋ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጃቸውን ያዛቸው።

«ግንቡን እንዴት አዩት፣ እማማ? የጎደለው ነገር አለ?»

አማቱ ግንቡን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት።

«የለም፣ ልጄ፣ ሞልቷል» አሉት። «ቤት ብቻ ነው የጎደለው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥርሱም በጥርሶቹ ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ድንገት ተወና ወደሚቀጥለው ሰው ተሻገረ።

እናቴ ትሙት ብዬ ጀምሬ ስለነበር፣ እናቴንም ስለምወዳት፣ አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። ድመቷ ሶፋው ላይ ነበረች፤ ቁም ሳጥኑም፣ የተንጠራራውም ሰውዬ እውነት ናቸው። ያቺን የመጨረሻ መልስ ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት። እዚያ ነበርኩ፤ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ጥርሱ ጎንበስ ብሎ ሲጠይቃቸው ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን፤ ምን ይሉት ይሆን ብለን ሳቃችንን አዘጋጅተን ነበር። እሳቸው ምንም አላሉም። ግንቡንም አላዩም። ጥርሱ እጃቸውን እስኪለቃቸው ድረስ ጠበቁና፣ ሶፋ ሠሪውን ቀና ብለው አይተው፣ እንሂድ በሚል ክንዳቸውን ዘረጉለት።